የሴራሚኬ ጥርሶች አስቸገሩኝ፤ መላ ያላችሁ?

ሰላም ወገኖች። በትንሽ ማምረቻ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የግድግዳ ሴራሚክ እሠራለሁ። የሚገጥሙልን ባለሙያዎች «ክፍተት የሚጠብቀውን የፕላስቲክ መስቀል በሴራሚኮቹ መሃል ስንሰካ ስንነቅል ዋልን» እያሉ ሲያማርሩ፣ በየጠርዙ ሁለት ሁለት ጥርስ፣ ማለትም ወደ ውጭ የወጣ ትንሽ ጉብታ፣ ጨመርኩ። እያንዳንዱ ጥርስ 0.75 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ጎን ለጎን ያሉ የሁለት ሴራሚኮች ጥርሶች ሲነካኩ 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት በራሱ ይመጣል። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነበር!

ችግሩ ግሌዙ፣ ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ቅብ፣ ነው። ሲቀባ ወደ ጠርዙ ይወርድና ጥርሱ ላይ ይጠራቀማል። ከምድጃ ሲወጣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጠብታ ጥርሱ ላይ ደርቃ ትገኛለች። የአንዱ ክፍተት ጠባብ፣ የሌላው ሰፊ ይሆናል። ለሙከራ ስደረድር አምስተኛው ረድፍ ላይ መስመሩ ጠመመ። ጥርሱን በአሸዋ ወረቀት ስሞርደው ደግሞ ጠርዙ ይሸረፋል። ለነገሩ ሁሉንም በእጅ መሞረድ ሥራ አይባልም።

አሁን ሁለት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው ሳይተኮስ በፊት ጠርዙን በእርጥብ ስፖንጅ መጥረግ ነው። ሌላው ሻጋታውን አስቀይሬ ጥርሱን ከፊቱ ዝቅ አድርጎ ወደ ጀርባው ማስጠጋት። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን ሻጋታ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ጥርሱን ከፊቱ ስንት ሚሊ ሜትር አወረዳችሁት? ከሻጋታ ሲወጣስ አልተሰበረባችሁም?