«ሌላ ሥራ ይልመዱ» ለተባሉት የሐዋሳ ሠራተኞች

ከአቶቴ፦ ፋብሪካቸው ከውጭ በሚገባ ልብስ ተሸንፎ ለተበተኑ ሠራተኞች መንግሥት ድጋፍ ያድርግ የሚለውን ሐሳብ፣ ትናንት በዚህ ቡድን ላይ አንድ ወንድማችን «ሌላ ሥራ ይልመዱ» ብለው በሦስት ቃል ዘግተውት ሄዱ። ሕጉ እንኳ ከእርሳቸው ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ድርጅቱ ተዘግቶባት የተሰናበተች የሦስት ዓመት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ የዚያን ሲሶ፣ በዚህ ላይ የ60 ቀን ተጨምሮላት በድምሩ የ110 ቀን ክፍያ ይገባታል። ችግሩ፣ ክፈል የሚባለው ያው የከሰረው ድርጅት መሆኑ ነው።

ነጋዴው ከአሮጌ ገበያ፦ የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላነሣም። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ የበሰበሰበት የመቂ ገበሬ ማን ካሰው? ደግሞስ የእኛን ከተማ ሠራተኛ የበተነው የገቢ ዕቃ ነው እንዴ? በኢንዱስትሪ ፓርካችን ልብስ ያሰፋ የነበረው የአሜሪካው ኩባንያ ፒቪኤች ለቅቄ እሄዳለሁ ያለው በኅዳር 2014 ነው፤ አሜሪካም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ዕቃችን ያለ ቀረጥ ወደ እርሷ ይገባበት ከነበረው ከአጎዋ አስወጣችን። የዋሽንግተንን ውሳኔ በሱቅ ነጋዴ ላይ አታላክኩ።

የቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦ አጎዋ ሲቀር ወደ አገር ውስጥ ገበያ የዞሩት የፓርኩ ፋብሪካዎች ምን ጠበቃቸው? ሕግ የከለከለው ሳልቫጅ፣ ያገለገለው ልብስ፣ በቦንዳ እየገባ፣ አንድ ሸሚዝ እኛ ለጨርቁ ብቻ ከምናወጣው ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር። «ሌላ ሥራ ይልመዱ» ላሉትም የማያውቁትን ልንገራቸው። በእኔ ላይን፣ በስፌት መስመሩ ላይ፣ ኮሌታ የምታያይዝ ልጅ ለዓመታት ኮሌታ ብቻ ስታያይዝ ኖራለች፤ እጅጌውን ሌላዋ፣ ቁልፉን ሌላዋ ትሠራዋለች። የሰዓቱን ታርጌት ከማንም በፊት ትሞላለች፤ አንድ ቀሚስ ቆርጠሽ ስፊ ብትባል ግን አትችልም። የልብስ ስፌት ቤት ትክፈት የሚል ሰው ላይን ቆሞ አላየም።

ከታቦር ሥር፦ አሜሪካኖቹ ለራሳቸው ሠራተኛ ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገቢ ዕቃ ምክንያት ሥራቸውን ላጡ ሰዎች ትሬድ አድጀስትመንት አሲስታንስ የተባለ ድጋፍ ነበራቸው፤ የሥልጠና ወጪያቸው ይሸፈን ነበር፣ በሥልጠናው ላይ ሳሉ ሳምንታዊ ገንዘብ ያገኙ ነበር፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ለሚሄዱትም አበል ነበረ። ሦስት ሠራተኞች ተሰባስበው ማመልከት ይችሉ ነበር።

ነጋዴው ከአሮጌ ገበያ፦ «ነበር» ያሉት ደግ አደረጉ። በ2022 እ.ኤ.አ. አጋማሽ የሕግ ዘመኑ ስላበቃ አዲስ አመልካች መቀበል አቁመዋል። ሀብታሙ የተወውን ድሃው ይጀምር ነው የሚሉን?

ከታቦር ሥር፦ ስድሳ ዓመት ሠርተውበት ነው የተዉት፤ እኛ አንድ ቀንም አልሞከርነውም። እኛን ከአጎዋ ባስወጡበት ዓመት የራሳቸውንም ሠራተኛ ደጅ መዝጋታቸው ለእርስዎ ክርክር የሚያኮራ ምስክር አይመስለኝም።

ከሞቢል ሰፈር፦ በሐሳቡ ባልቃወምም፣ ማስረጃው ከየት እንደሚመጣ ንገሩኝ። አሜሪካዊው ሠራተኛ ጉዳቱ ከገቢ ዕቃ የመጣ መሆኑ ይጣራለት የነበረው ዕቃው በጉምሩክ ተመዝግቦ ስለሚገባ ነው። በሌሊት የሚገባ ቦንዳ ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ የለውም፤ ስለዚህ በወረቀት ሲታይ ፋብሪካችሁን የጎዳው ነገር የለም። በዚህ መመዘኛ ብንሄድ፣ በሕጋዊ ዕቃ የተጎዳው ተክሶ በኮንትሮባንድ የተጎዳው ባዶ እጁን ይቀራል።

ከአቶቴ፦ እንግዲያውስ ምክንያቱን መጠየቁ ይቅርና ሥራ ማጣቱ ብቻ ይበቃል እንበል። የግል ድርጅት ሠራተኛና አሠሪ ለጡረታ 7 እና 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ለሥራ አጥነት የሚሆን መዋጮ ግን የለም። ከተማችን የገባችበት የሴፍቲኔት ፕሮግራምም የታሰበው ለድሃ ቤተሰብ እንጂ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል በጋራ ለተከራዩ ልጃገረዶች አልነበረም።

ነጋዴው ከአሮጌ ገበያ፦ አሁን ደግሞ መዋጮ መጣ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የገቢ ዕቃ ተወደደ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ከለላ ትፈልጋላችሁ?

የቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦ በዚያው ማሻሻያ በ38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ የነበረው የውጭ ምንዛሪ ክልከላ መነሣቱን ዘለሉት። ጨርቁ፣ ክሩና ዚፑም ከውጭ ስለሚመጣ የምንዛሪው ለውጥ ፋብሪካውንም እኩል ይመታዋል። ለመሆኑ እርስዎ የሚሸጡት ሸሚዝ በየት በኩል ነው የሚገባው?

ነጋዴው ከአሮጌ ገበያ፦ ይህ ስድብ ነው። ሱቄ ክፍት ነው፤ ደረሰኝ የሌለው አንድ ካናቴራ ካገኙ በዚህ ቡድን ላይ ያሳዩኝ።

የቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦ ደረሰኝ እንዳለዎት አልተጠራጠርሁም፤ የምጠይቀው ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ዋጋ ስንት እንደሆነ ነው።