ሙሉቀን የተወውን ዘፈን እኛ ብንዘፍነው ነውር ነው?

አዘጋጁ፦ ሰላም ቤተሰብ። በቅርብ ዓመታት ላጣናቸው ድምፃውያን የመታሰቢያ ምሽት ልናዘጋጅ ነው። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ዓሊ ቢራ፣ ሒሩት በቀለ፣ ሙሉቀን መለሰ ተመርጠዋል። በዓለማየሁና በዓሊ ማንም አልተከራከረም። በሙሉቀንና በሒሩት ግን ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር ጽፈውልኛል። ሁለቱም ጌታን ተቀብለው ዘፈን ከተዉ በኋላ ነው ያረፉት፣ እና ዘፈናቸውን ማቅረብ እነሱን መናቅ ነው ይላሉ። በጓዳ ከምንንሾካሾክ እዚሁ እንነጋገርበት። ስድብ የለም።

የመዘምራን ልጅ፦ አንዱ ጸሐፊ እኔ ነኝ፣ አልደብቅም። ሙሉቀን ያቆመው ድምፁ ስላለቀ አይደለም። ሕዝቡ ገና እየፈለገው ነው ጥሎ የሄደው። ከዚያ ሚያዝያ 2016 አሜሪካ ውስጥ እስኪያርፍ ድረስ፣ ዐሥርት ዓመታት ሙሉ፣ መንገዱ ሌላ ነበር። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የመሰከረበትን ነገር እንዳልነበረ ቆጥረን፣ በሞተ ማግስት የተወውን ዘፈን ከፍተን እስክስታ ብንወርድ፣ ማንን ነው ያስታወስነው? እሱን ወይስ የራሳችንን ጉርምስና?

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ወንድሜ፣ ነገርህ ገብቶኛል፤ ግን ዘፈኑ የሱ ብቻ መቼ ሆነና? ከግጥሞቹ ብዙዎቹን የጻፈችው ዓለምፀሐይ ወዳጆ ናት። ከኋላው የዳህላክ ባንድ ልጆች አሉ። ዜማ ያወጣ፣ ያቀናበረ፣ ስቱዲዮ ያደረ ሰው አለ። ሙሉቀን የራሱን ድርሻ ተወ፣ መብቱ ነው። ቤዝ ጊታሩ ግን ንስሐ አልገባም።

ዲጄው፦ 😂 ቤዝ ጊታሩ!

ዲሲ ያለሁት፦ እናቴ ራሷ ጴንጤ ናት። ሒሩት በቀለ ሬዲዮ ላይ ስትመጣ ድምፁን አትቀንሰውም፣ ከፍም አታደርገውም። ዝም ብላ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። አንድ ቀን ጠየቅኳት። «እሷም ትታዋለች፣ እኔም ትቼዋለሁ፣ አንቺ ምን ቸገረሽ» አለችኝ። ሒሩት በፖሊስ ኦርኬስትራ ስንት ዘመን ዘፍና፣ በኋላ ወደ መዝሙር ዞራ፣ ግንቦት 2015 አረፈች። ግማሹን ሕይወቷን ቆርጦ መጣል ከሁለቱም ወገን ልክ አይደለም። ዘፈኗን ብቻ የሚያነሳም፣ መዝሙሯን ብቻ የሚያነሳም ያው ነው።

ታዛቢ፦ እኔ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ትዝ አሉኝ። መነኩሲት ነበሩ። ግን ፒያኖውን አልተዉም፣ ሸክላ አሳትመው ገንዘቡን ለችግረኛ ልጆች አደረጉት። መጋቢት 2015 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም ሁሉ ስለ ሙዚቃቸው ጻፈ። እምነትና ሙዚቃ የግድ ይጣላሉ ያለው ማነው?

የመዘምራን ልጅ፦ ምሳሌህ እኔን ነው የሚያግዘኝ። እማሆይ የተጫወቱት ፈልገው ነው። ሙሉቀን አልፈለገም። እኔ ሙዚቃ ኃጢአት ነው አልኩ እንዴ? የሰውየው ፈቃድ ይከበር ነው ያልኩት።

ዲጄው፦ ፈቃድ ካነሳን አይቀር ቁም ነገሩን እናውራ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ የደራሲውን የገንዘብ መብት እሱ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ያቆየዋል። ግጥም የጻፈው፣ ዜማ የሠራው፣ ወራሾቻቸው፣ ሁሉም የሚጠይቁት ነገር አለ። እኛ ግን መግቢያ አስከፍለን፣ ምግብ ሸጠን፣ ለነሱ አንዲት ብር ሳንልክ «መታሰቢያ» እንላለን። ኤልያስ መልካ መስከረም 2012 እስኪሞት ድረስ የጮኸው ለዚሁ ነበር። አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመውም ሙዚቀኛው የድካሙን እንዲያገኝ ብሎ ነው። እሱንም በየዓመቱ እናለቅስለታለን፣ ሥራውን ግን በፍላሽ እንገለብጣለን። እኔን የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

አዘጋጁ፦ የመግቢያው ጉዳይ ተይዟል። መልስ አለብኝ።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ዲጄው ልክ ነው። እኔ ግን ሌላም ልጨምር። ማታ ማታ ማይክ የሚጨብጥ ጀማሪ ሁሉ ሙሉቀንን ሳይሞክር አያልፍም፣ ብዙውም እዚያው ይሰበራል፣ ምክንያቱም ያ ድምፅ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ገና ልጅ እያለ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ነው፣ ትንፋሹን የት እንደሚሰርቅ እንኳን አታገኘውም። ይሄን ከሸክላው ካልሰሙት ከየት ይማሩት? ፈረንጁ ኢትዮፒክስ በተባለው የድሮ ዘፈኖቻችን የሲዲ ስብስብ ሲያጣጥመው ማንም አልከለከለውም። ነውሩ እኛ ጋ ሲደርስ ነው?

የመዘምራን ልጅ፦ መማሪያ ይሁን፣ አልጠላም። ቤትህ ስማው፣ ለተማሪ አሰማው። የኔ ጥያቄ በስሙ ድግስ ደግሰን፣ የተወውን ነገር ዋና ምግብ ስለማድረጋችን ነው።

ዲሲ ያለሁት፦ እንግዲያው እንዲህ ይሁን። መድረክ መሪው ሙሉቀን ለምን እንደተወ በግልጽ ይናገር፣ «ከሙዚቃው ዓለም ርቆ ቆየ» ብሎ አያለባብስ። ከዚያ ባንድ አይዝፈነው፣ ሸክላው ይሰማ። የሒሩትም እንደዚያው፣ አንድ መዝሙሯ ይጨመር።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ሸክላውንም ማጫወቻውንም እኔ አመጣለሁ። ማንም እንዳይነካብኝ።

የመዘምራን ልጅ፦ ታሪኩ ሳይሸፋፈን ከተነገረ እመጣለሁ። ዘፈኑ ሲጀምር ግን እወጣለሁ፣ አትቀየሙኝ።

አዘጋጁ፦ ማንም አይቀየምም። ውጭ በረንዳው ላይ ቡና ይኖራል።

ዲጄው፦ በረንዳው ላይም እኮ ስፒከር አለ።

አዘጋጁ፦ እናጠፋዋለን በቃ!