ፑሽ ስታርት ያለው መኪና ቆሞ እያለ ባትሪ የሚጨርሰው ቁልፉ ነው?

የአያቷ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ፑሽ ስታርት ያለው (በተን ተጭነው የሚያስነሱት) ቶዮታ ያሪስ ነው። በሥራ ቀን የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ስለምጠቀም መኪናው ግቢ ውስጥ ይቆማል። ቅዳሜ ጠዋት ልወጣ ስል በሩ በሪሞት እንቢ ይላል። ቢከፈትም ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም ነው። ጎረቤት ከራሱ መኪና ባትሪ በካቦ (በኬብል) አገናኝቶ ያስነሳልኛል። ባትሪው ከተገዛ ገና ዓመት አልሞላውም።

አንዱ መካኒክ «ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) ነው፣ ይቀየር» አለኝ። ሌላው ደግሞ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀኝ። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሚስማር ላይ ነው የምሰቅለው። መኪናው የሚቆመው ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ነው። «በቃ፣ ቁልፉና መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሲያወሩ ያድራሉ፤ ባትሪሽን የሚበላው ይሄ ነው» አለኝ። እውነት ነው? የቁልፉም ባትሪ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ባለቤቴ ዳሽ ካሜራም አስገጥሞበታል፤ መኪናው ቆሞም ይቀዳል። ዲናሞ ከመግዛቴ በፊት ምን ላስፈትሽ?

የጎማ ቤት ልጅ

እህቴ አትጨነቂ። ሳምንቱን የማትነጂው ከሆነ እሑድ ማታ ሞርሴቶውን (ኬብሉን ባትሪው ላይ የሚያስረውን) ንቀይው፣ አለቀ። ዲናሞውን ለማወቅ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ሞርሴቶውን ነቅለሽ እዪ። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን

እባክሽ፣ ሞተር እየሠራ ሞርሴቶ እንዳትነቅዪ። ማንም እንዳይነቅልብሽ። ይሄ የድሮ መኪና ልማድ ነው። ባትሪው ድንገት ሲለይ ከዲናሞው የሚወጣው ቮልቴጅ ይዘላል፤ የዛሬ መኪና ኮምፒውተር ይሄን አይችልም። ዲናሞ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው የሚታየው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ እየሞላ ነው። ይሄን ሳይለካ «ይቀየር» የሚል ሰው ገንዘብሽን ነው የሚያቃጥለው።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። የነገረሽ ሰው አልዋሸም። ግን ዋናው ጥፋተኛ ቁልፉ አይመስለኝም። መኪናው በሩ አካባቢ ካሉት አንቴናዎች አጭር ርቀት የሚሄድ ደካማ ሞገድ ይልካል። ቁልፉ ሞገዱን ሲያገኝ ይነቃና መልስ ይሰጣል። ቅርብ ሲሆን ይሄ ይደጋገማል፤ በይበልጥ የሚጎዳው ግን ትንሿ የቁልፍ ባትሪ ናት። ቶዮታ ለዚህ መላ አበጅቶለታል። ቁልፉ ከመኪናው 2 ሜትር ገደማ ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሲስተሙ ለ5 ቀን ካልተነካ፣ መኪናው ኃይል መቆጠብ ይጀምራል። ቅዳሜ ጠዋት እጀታውን ስትነኪ ዘግየት ቢል አይግረምሽ። በሌሎች መኪኖች ግን ቁልፍ አጠገባቸው ካለ ኮምፒውተሮቹ ጨርሶ የማይተኙ አሉ። እነሱ ላይ ቁልፉን ማራቅ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ቴሌቪዥኑም አለበት። የቶዮታ መመሪያ ራሱ ቁልፉን ከቴሌቪዥን፣ ከኮምፒውተርና ከቻርጀር ቢያንስ 1 ሜትር አርቁ ይላል። የቁልፍሽ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው በሁለቱም ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ሒሳቡን እዪ። ባትሪሽ 45 አምፒር-ሰዓት ነው እንበል። ጤነኛ መኪና ተቆልፎ ሲተኛ ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፒር ይወስዳል። በ30 ብናስበው በቀን 1 አምፒር-ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሳምንት ቢቆም ይነሳል። 400 ሚሊ አምፒር የሚወስድ ነገር ካለ ግን በቀን ወደ 10 ይጠጋል። ከእሑድ ማታ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። የአንቺ ነገር ከሁለተኛው ጋር ይገጥማል። እኔ የምጠረጥረው ካሜራውን ነው። ጂፒኤስ ወይም ተጨማሪ አላርም ተገጥሞ ከሆነም ንገሪኝ።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ሞተር ይጠፋል፣ ቁልፉ ራቅ ይላል። የኔጌቲቩ ሞርሴቶ ይነቀልና ቴስተሩ 10 አምፒር ላይ ሆኖ በኬብሉና በባትሪው መካከል ይገባል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ኮምፒውተሮቹ ወዲያው አይተኙም፤ ቸኩለው የሚለኩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቴስተሩ እንደተገጠመ ሞተር ማስነሳት አይቻልም፣ ይቃጠላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ላይ እንደሚወርድ ማየት ነው።

እሑድ ማታ ሞርሴቶ መንቀሉ ለጊዜው ይሠራል። ግን ባትሪ ከሌለ በሩ በሪሞት አይከፈትም። ቁልፉ ውስጥ የተደበቀችውን የብረት ቁልፍ አውጥተሽ መክፈት ልመጂ።

ከቨርጂኒያ

ከላይ የተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የቶዮታ ቁልፎችን ራሳቸውን ማስተኛት ይቻላል። ቁልፉ ላይ ያለውን የመቆለፊያ በተን ተጭነሽ ሳትለቂ የመክፈቻውን በተን ሁለቴ ጫን ጫን አድርጊ። ትንሿ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ካለች ቁልፉ ሞገድ መቀበል አቁሟል። ከበተኖቹ አንዱን ስትጫኚ ይነቃል። እኔ ትርፉን ቁልፍ ሁሌም እንዲህ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። እዚህ ሌቦች በር ላይ ሆነው የቁልፉን ሞገድ በመሣሪያ አቀባብለው መኪና ስለሚወስዱ ሁለት ጥቅም አለው።

የአያቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ወንድሜ ቴስተር ይዞ መጣና እንዳልከው ለካን። ዲናሞው 14.2 ነው፣ ደህና ነው። መኪናው ቆሞ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ እያለ 0.35 አምፒር፤ ቁልፉን ጓዳ ስንወስደው 0.33። የካሜራውን ፊውዝ ስንነቅል 0.03 ሆነ! ጂፒኤስ የለም። አሁን ካሜራውን ጨርሼ ልንቀለው? ባለቤቴ አይስማማም። ባትሪውስ በየቀኑ ግቢ ውስጥ 10 ደቂቃ ሞተር አስነስቼ ባሞቀው ይሞላል?

የመኪና ኤሌክትሪሺያን

ጎበዞች! ዲናሞ ከመግዛት ተርፈሻል። ካሜራው ይቆይ። መስመሩ ብቻ ሞተር ሲጠፋ አብሮ ወደሚጠፋ ፊውዝ ይዛወር። ቆሞም ይቅዳ ካላችሁ፣ የባትሪው ቮልቴጅ 12.2 አካባቢ ሲወርድ ካሜራውን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያለው ገመድ ይገጠም።

በ10 ደቂቃ ማሞቅ ባትሪ አይሞላም። ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) የወሰደውን ቢመልስ ነው፤ ነዳጅም ይባክናል። ብዙ ጊዜ ባዶ የሆነ ባትሪ አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውጡትና ሌሊቱን ቻርጀር ላይ ይደር። ከቻርጀር ከወረደ በኋላ ጥቂት ሰዓት አሳርፋችሁ ለኩት። 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው። ማግስቱን ያለ ምንም ጭነት ተቀምጦ ከ12.4 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ተጎድቷል። ዓመት ስላልሞላው ዋስትና ካለው ደረሰኙን ይዘሽ ወደ ገዛሽበት ሂጂ።