«ከሐኪም መድኃኒት እኩል» የተባለው ሳፍሮን

አንገረብ ማዶ፦ ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ አንድ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ለእናቴ ቀይ የአበባ ክር የያዘች ጣት የማታክል ብልቃጥ እያሳየ፣ «እማማ፣ ይህ ሳፍሮን ይባላል፤ ለመርሳት በሽታ ከሐኪም መድኃኒት እኩል መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል» ብሎ ሸጠላት። እርሷም አምናው ኪኒኗን ተወች፤ እኛ ያወቅነው በአራተኛው ቀን ነው። ይህች «እኩል» የምትባል ቃል ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ዘበዓታ፦ ስለ እናትዎ አዝናለሁ፤ ቃሏን ግን ነጋዴው ከኪሱ አላወጣትም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የኢራን ጥናት፣ ከቀላል እስከ መካከለኛ የአልዛይመር ሕመም ያለባቸው 54 ሰዎች ለ22 ሳምንት ከፊሎቹ በቀን 30 ሚሊ ግራም ሳፍሮን፣ ከፊሎቹ ሐኪም ለዚሁ ሕመም የሚያዝዘውን ዶኔፔዚል 10 ሚሊ ግራም ሲወስዱ ቆይተው ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኗል፤ ማስመለሱ እንዲያውም በሳፍሮን ወሳጆቹ ላይ ያነሰ ነበር። ፈረንጅ ሲሠራው ሳይንስ፣ ፋርስ ሲሠራው የገበያ ወሬ የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

ባለመድኃኒት ቤቷ፦ ወንድሜ ዘበዓታ፣ በ54 ሰው ላይ ልዩነት አለመታየቱ እኩልነትን አያረጋግጥም፤ ሁለት በግ በጨለማ አይቶ ቀለማቸው አንድ ነው እንደማለት ነው። ደግሞስ እኩልነቱ ከምን ጋር ነው? ዶኔፔዚል ራሱ ምልክቱን ለጊዜው ያቀልላል እንጂ በሽታውን አያድንም።

ዘበዓታ፦ በጎቹን ይተዉልኝና በዚያው ዓመት የታተመውን ሌላውን ያንብቡ፤ 46 ሰዎች ለ16 ሳምንት ሳፍሮን ወይም ባዶ እንክብል ወስደው፣ የሳፍሮኖቹ የማስታወስና የማሰብ መለኪያ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ጨለማ ነው?

ባለመድኃኒት ቤቷ፦ ጭላንጭል ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሁለቱም ጥናቶች የአንድ ቡድን ሥራ ናቸው፤ 16 ሳምንትም ዓመታት ለሚፈጅ በሽታ አጭር ነው። የተሰጠውም መጠኑ ተለክቶ በእንክብል የተዘጋጀ እንጂ ከብልቃጥ የተቆነጠረ አልነበረም።

የአዘዞ ሰው፦ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የቅኔና የአቋቋም አገር የሆነችው ጎንደር ለማስታወስ የፋርስ ቅመም መሸመት የጀመረችው መቼ ነው? የቆሎ ተማሪ ቀለም እንዲይዝ ይጠጣዋል የሚባለው የራሳችን አብሾ ነበረልን እኮ!

ባለመድኃኒት ቤቷ፦ አብሾ የሚሉት ዕፀ ፋርስ ሥራው ከዶኔፔዚል ተቃራኒ ነው። ዶኔፔዚል አሴቲልኮሊን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ ንጥረ ነገር ቶሎ እንዳይፈርስ ሲጠብቅ፣ በዕፀ ፋርስ ፍሬ ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን ያንኑ መልእክተኛ በር ይዘጋበታል፤ ጠጪው የሚገኘው ሲለፈልፍ እንጂ ሲያስታውስ አይደለም። አስተናግር የሚለው ሌላ ስሙ በከንቱ አልወጣለትም።

ዘበዓታ፦ በየኔታ ጉባኤ ባይቀለድ መልካም ነው። የበዓታ ተማሪ ቀለም የሚይዘው ሌሊቱን በቃሉ ሲደጋግም አድሮ እንጂ በአብሾ አይደለም።

የአዘዞ ሰው፦ በሳፍሮንም እንዳልሆነ አብረው ቢጨምሩበት ምን ነበረ?

አንገረብ ማዶ፦ ወደ ብልቃጡ ልመልሳችሁ። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ጥቂት ክር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጣልሁ፤ ውኃው ወዲያው ብርቱካንማ ሆነ፣ ክሮቹም ገርጥተው ቀሩ። እውነተኛው ግን ቢጫውን ቀስ እያለ ነው የሚያወጣው፣ ክሩም ቅላቱን ቶሎ አይለቅም፤ ጫፉም እንደ መለከት ሰፋ ይላል ይባላል። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ አንዱን በጣቷ አሽታ፣ «ይህማ የሱፍ አበባ ነው፤ እናቴ ጓሮ ሞልቶ ነበር» አለችኝ። የልጄን ስም ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች።

ባለመድኃኒት ቤቷ፦ አንድ ኪሎ ሳፍሮን ከ150,000 የማያንስ አበባ ይጠይቃል፤ ከእያንዳንዱ አበባ የሚለቀመው ሦስት ክር ብቻ ነውና። በሽሮ ዋጋ የሚሸጥ ሳፍሮን ከየት ይመጣል? እናትዎ ኪኒናቸውን ስለማስቀጠሉ ግን ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፤ ካቋረጡ በኋላ በራስ መጀመር ደግ አይደለም።

ዘበዓታ፦ የነጋዴው ማጭበርበር የጥናቱን ውጤት አያፈርሰውም።

ባለመድኃኒት ቤቷ፦ የትኛውን ውጤት? «እኩል» የሚለውን?

ዘበዓታ፦ እኔ ያልሁት «ተቀራራቢ» ነው፤ ከፍ ብለው ያንብቡ።

የአዘዞ ሰው፦ ቃሏን ነጋዴው ከኪሱ አላወጣትም ያለንስ ማን ነበር?