ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳቢ ይዤ ጅቡቲ ልወርድ ነው፤ ምን ልያዝ? ምንስ ልጠይቅ?

ልጅ ቃሊቲ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በቀጥታ ልግባ።

እስካሁን የነዳሁት አይሱዙ ነው፣ እሱም አዲስ አበባ ውስጥ። አሸዋ፣ ብሎኬት፣ አንዳንዴ የቤት ዕቃ። ተሳቢ የሚያስነዳውን መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ። ግን በሄድኩበት ሁሉ "ልምድ አለህ?" ይሉኛል። የሚያስጀምረኝ ከሌለ ልምዱን ከየት ላምጣው? አሁን የእናቴ ጎረቤት የሚያውቃቸው ሰውዬ ሲኖትራክ ከነተሳቢው አላቸው፤ ሹፌራቸው ለቀቀባቸው። ዋስ አምጣ አሉኝ፣ አጎቴ ዋስ ሆነኝ። ሰኞ ባዶውን ይዤ ጅቡቲ እወርዳለሁ፣ ማዳበሪያ ጭኜ እመለሳለሁ። ማራገፊያው ደጀን ወይ ደብረ ማርቆስ ነው ብለውኛል።

መኪናውን ሞጆ ሜዳ ላይ ሞከርኩት። ወደ ፊት ምንም አይልም። ማርሽ ዴትሮ ላይ ግን ጉድ ነው። እኔ ቀኝ ስለው ተሳቢው ግራ ይላል። ልጆች ቆመው ሲስቁብኝ ነበር።

ሌላው ረዳቱ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ከድሮው ሹፌር ጋር ብዙ ዘመን ሠርቷል። ገና ስንተዋወቅ "አንተ መሪህን ያዝ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው" አለኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ?

እናቴ ከሰማች ጀምሮ ጸበል ጸበል እያለች ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ አባይ በረሃ በየቀኑ አዲስ ወሬ እሰማለሁ። ከቦታው ያላችሁ እስቲ የምር የሚጠቅመውን ንገሩኝ። ባለንብረቱንስ ከመነሳቴ በፊት ምን ልጠይቃቸው?

ጎሚስታው፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔ ሹፌር አይደለሁም። አዋሽ 7 ኪሎ ጎማ ነው የምሠራው። ስለዚህ ስለ ጎማ ብቻ።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። አዲስ ሹፌር እኩለ ቀን ላይ እኔ ጋ ይደርስና "ጎማው ተወጥሯል፣ አስተንፍስልኝ" ይለኛል። ሙቀቱ ነው የወጠረው። በዚያ ሰዓት ካስተነፈስከው ማታ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል። በነጋታው ያን ጎማ ይዘህ ገዋኔ ስትደርስ ይፈነዳል።

በቆምክ ቁጥር ጎማ በብረት ይመታ። ረዳትህ ይምታ፣ አንተ ግን አጠገቡ ቆመህ ስማ። ደህና ጎማ ድንግ ብሎ ብረቱን አንጥሮ ይመልሰዋል። የተነፈሰው ዱፍ ይላል፣ ብረቱም እዚያው ይሞታል። ዋናው ጣጣ ጎን ለጎን የታሰሩት ጥንድ ጎማዎች ላይ ነው። የውስጠኛው ተንፍሶ እንኳ የውጪው ስለሚሸከመው ሁለቱም ደህና መስለው ይታያሉ። የውጪው የሁለት ጎማ ሸክም ይዞ በዚያ ሙቀት ይሄዳል። ጎማ በእሳት ተያያዘ ሲባል የምትሰማው ብዙ ጊዜ እንዲህ ተጀምሮ ነው። በጥንዶቹ መሀል የተሰካ ድንጋይ ካለም አስወጣው።

ጥላ ፍለጋ ከአስፋልት አትውጣ። ከአዋሽ በኋላ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው ፕሮሶፒስ የሚሉት ዛፍ እሾሁ መርፌ ነው። እኔን ያበላኛል፣ አንተን ግን ያቆምሃል።

ስኮርታ፣ ማለት ትርፍ ጎማ፣ ሁለት ጠይቅ። ክሪኩን ደግሞ በዓይንህ እየው። ባዶ መኪና ያነሳ ክሪክ ሁሉ ጭነት አያነሳም።

የበረሃው፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ መሪ ከለቀቅሁ ቆየሁ፤ ጉልበቴ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ አለኝ። በፊያት ጀምሬ በሲኖትራክ ነው የጨረስኩት። እስከ 1990 ዓ.ም. መንገዳችን አሰብ ነበር። በኮምቦልቻና በባቲ ወርደን ሚሌ፣ ከዚያ ሰርዶ፣ ከዚያ ኤሊዳር። ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሚሌ ግን ያው ሚሌ ናት፣ ሙቀቷም ኬላዋም።

መንዳቱን ትለምደዋለህ። በዚህ ሥራ ሰው የሚከስረው መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ሲጫን፣ ሲፈረም፣ ወረፋ ሲጠበቅ።

ባለንብረቱን መጀመሪያ የምትጠይቃቸው አበሉ በቀን ነው ወይስ በጉዞ ነው የሚለውን ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ የሚያኖርህ አበሉ ነው። በጉዞ ከሆነና ወደብ ላይ ወረፋ ከያዘህ፣ የቆምክበትን ቀን የምትበላው ከኪስህ ነው። ጅቡቲ ደግሞ በፍራንክ ነው የሚበላው፣ ብርህ እዚያ አቅም የላትም። ቀጥሎ፣ ጎማ ቢፈነዳ የማን ነው? ጭነት ቢጎድልስ? ቅጣት ቢመጣስ? ይህን ሁሉ አሁን፣ በጽሑፍ። ዋስ የሆነልህ አጎትህም ይስማ፤ ዞሮ ዞሮ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ 3ኛ ወገን ቀናቸው እንዳላለፈ አንብበህ ተቀበል። "ሁሉም ኪሱ ውስጥ አለ" ሲሉህ እሺ ብለህ አትሂድ።

ማዳበሪያ ብለሃል። መርከቡ በጅምላ ያመጣውን ወደቡ ላይ በጆንያ ይሞሉታል። መኪናና ተሳቢ 400 ኩንታል ከጫነ፣ በ50 ኪሎ ጆንያ 800 ጆንያ ማለት ነው። ሲጫን ጋቢና ውስጥ እንዳትተኛ። ድካምህ ይገባኛል፣ ሙቀቱም አያስቆምም፣ ግን ውረድና ቁጠር። በድርድር በድርድር ጻፈው። የተቀደደ ጆንያ ካለ ሳትፈርም በፊት ወረቀቱ ላይ ይስፈርልህ። ማራገፊያ ላይ ሲጎድል "ሲጫን ነው የጎደለው" ብትል የሚሰማህ የለም፣ ከደመወዝህ ነው የሚቆረጠው። ሸራውንም ገልብጠህ እይ። ዩሪያ ውሃ ከነካው ድንጋይ ይሆናል፣ አንተ ደግሞ ዝናብ ወዳለበት አገር ነው የምትወጣው።

አሁን አባይ በረሃ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ቁልቁል የምትወርደው፣ ያውም 400 ኩንታል ጭነህ። ጎሃ ጽዮን ስትደርስ ቁም። ሻይ ጠጣ። ቸርኬዎቹ ይብረዱ። የፍሬኑ ንፋስ ጋኖች ሥር ያለችውን ቀለበት ስበህ ውሃቸውን አፍስስ፤ ጠዋት ጠዋት ሁሌም አድርገው። ንፋሱ እስኪሞላ ጠብቅና ጌጁን እይ። ማርሽህን እዚያው አናት ላይ ምረጥ። ያን ዳገት ጭነህ ብትወጣው በየትኛው ማርሽ ትወጣው ነበር? በዚያው ውረድ። ሞተር ፍሬኑን ክፈት። መውረድ ከጀመርክ በኋላ "ማርሽ ልቀንስ" የሚባል ነገር የለም። ፍሪሲዮን ረግጠህ ማርሹ አልገባም ካለህ በፎሌ፣ ያለ ማርሽ ቀረህ ማለት ነው። በፎሌ የቀረ ጭነት መኪና ፍሬኑ ብቻውን አያቆመውም።

ፍሬን ላይ እግርህን አታሳርፍ። ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ሲቀንስ ልቀቅ፣ ይንፈስበት። ልስልስ አድርጎ ይዞ የሚወርድ ሹፌር መኪናውን የሚንከባከብ ይመስለዋል፣ የፍሬኑን ሸራ ግን እያቃጠለው ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ካሸተትክ ገና ፍሬን ሳለህ ዳር ያዝና ጎማው ሥር ታኮ አስገባ። ከኋላህ ያለው ክላክስ ቢያደርግ ያድርግ። ለተሳቢው ብቻ ያለችውን የእጅ ፍሬንም መውረጃ አታድርጋት፣ ተሳቢውን ብቻ አንድዳ ነው የምትጨርሰው።

ናፍታ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርዱ አሉ። የቆጠቡትን እንደሚሸጡትም አውቃለሁ። እንዳያስተምሩህ።

ሰኞ ባዶ ስትወርድም ቀላል ነው ብለህ እንዳትለቀው። ባዶ ተሳቢ ይዘላል። ፍሬን በድንገት ከያዝክ ጎማው ይቆልፍና ከኋላ ይዞርብሃል።

አፋር ስትገባ ግመል አለ። ግመል ክላክስ ሰምቶ አይሸሽም። አንዱ ከተሻገረ ቀሪዎቹም መከተላቸው አይቀርም፣ ስለዚህ ያለፈውን አይተህ አትንዳ። ሌሊት አትሂድ። ጫት ይዘህ "እነቃለሁ" እንዳትል፤ ጫት እንቅልፍን አያስቀረውም፣ ቀጠሮ ነው የሚሰጥህ። ሲመጣ ደግሞ ሳይነግርህ ነው የሚመጣው።

በመጨረሻም መንገዱን ጠይቅ። ከፍቼ ወዲያ ከመሄድህ በፊት ከዚያ የሚመጡትን ሹፌሮች አስቁምና ጠይቅ። "ዛሬ አይሆንም" ካሉህ እደር። ባለንብረቱ ስልክ ላይ ቢቆጡም እደር።

የሹፌር ሚስት፦

ወንዶቹ ስለ መኪናው ነገሩህ። እኔ ስለ እናትህ ልንገርህ።

ድንበሩን፣ ጋላፊን ካለፍክ በኋላ ስልክህ እንደ ልብ አይገኝም። ይህን ቀድመህ ካልነገርካት መኪናህ የተገለበጠ ነው የሚመስላት። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ስደውል አድሬ፣ ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። እሱ ለካ ወደብ ወረፋ ላይ ተኝቷል! አሁን ጋላፊ ሲደርስ "ገባሁ" ይለኛል፣ ተመልሶ ሲወጣ "ወጣሁ" ይለኛል። በመሀል አልጠብቅም።

ስንቅ ያዝ። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ትንሿን ቡታጋዝ። ድርቆሽ ሙቀት አያበላሸውም። እንጀራ ግን በማግስቱ ይሻግታል። ውሃ ጀሪካን ሙሉ ይሁን፣ የራዲያተሩ ለብቻው፣ የእናንተ ለብቻው። ከአበልህ ላይ ለቤት የምታስበውን ከመነሳትህ በፊት በቴሌብር ላከው። መንገድ ላይ የያዝከው ብር መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ባሌን አሥሬ ብነግረው አልሰማኝም፣ አንተ ስማኝ።

ልጅ ቃሊቲ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የበረሃው፣ ጋሼ፣ ጎሃ ጽዮን ያሉትን በወረቀት ገልብጬዋለሁ። ባለንብረቱን ስጠይቃቸው አበሉ በጉዞ ነው አሉኝ። ምን ልበላቸው? የረዳቱንና የማርሽ ዴትሮውን ነገርም አልነገራችሁኝም።

የበረሃው፦

አበሉ በጉዞ ይሁን በላቸው፣ ግን ወረፋ ከያዘኝ ከዚህ ቀን በኋላ በቀን ይታሰብልኝ በላቸው። ቀኑን ተደራደሩ። ጨዋ ባለንብረት እምቢ አይልም፤ የተራበ ሹፌር መኪናቸውን ምን እንደሚያደርገው ያውቃሉ።

ረዳቱን ጋሼ በለው። አያሳንስህም። እሱ የዚያን መኪና ሕመም ያውቃል፤ የትኛው ባሌስትራ እንደላላ፣ የቱ ቱቦ እንደሚያፈስ። ከመነሳታችሁ በፊት ተቀምጠህ ቡና ጋብዘውና አስወራው። "ሌላውን ለእኔ ተወው" ያለህን ግን አብረኸው እየዞርክ ተወው። የጎማ ዳዶ ሲያጠብቅ አጠገቡ ሁን። የተሳቢውን መጎተቻ ፒን እሱ ቢያስገባውም አንተ ጎንበስ ብለህ መቆለፊያዋን እይ። ፈራሚው አንተ ነህ።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ በል። ማታ ማታ "ደክሞሃል፣ ልያዝልህ" ይልሃል። ለድሮው ሹፌር ይዞለትም ይሆናል። መንጃ ፈቃድ ከሌለው መሪ አይነካም። በቀልድ አድርገህ ተናገረው፣ ግን መጀመሪያው ቀን ላይ ተናገረው። በሦስተኛው ጉዞ ብትነግረው ይቀየምሃል።

ማርሽ ዴትሮ ስትገባ እሱን በግራ በኩል፣ በስፖኪዮ በምታየው ቦታ አቁመው። ከስፖኪዮው ከጠፋ ፍሬን ያዝ፣ እስኪታይህ አትነቃነቅ። መሪውን ጥቂት ጥቂት ስጠው። ተሳቢው መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ልታስተካክለው አትታገል፤ ወደ ፊት ወጥተህ አቅናውና እንደገና ግባ። ወደብ ላይ አሥሬ ብትወጣ ብትገባ የሚስቅብህ ይኖራል። ይሳቅ። ኮንቴይነር የገጨ ነው የሚከፍለው።

ጎሚስታው፦

ክሪኩን አየኸው?

ልጅ ቃሊቲ፦

ዛሬ ሄጄ አየሁት። ጋሼ ረዳቱ ራሱ ነው አውጥቶ ያሳየኝ። የአይሱዙ ክሪክ ነው! "ጭነት ላይ ጎማ ሲፈነዳ ምን ታደርጉ ነበር?" ብለው "ሌላ መኪና እስኪመጣ እንጠብቃለን" አለኝ። ባለንብረቱ ጋ ደወልኩ። ስኮርታው ሁለት ይሆናል፣ ክሪኩም ነገ ይገዛል ብለዋል። አበሉን ከአምስተኛው የወረፋ ቀን በኋላ በቀን ለማሰብ ተስማምተው ጽፈውልኛል። ክሪኩ እጄ ሳይገባ ሰኞ አልነሳም ብያቸዋለሁ። ትንሽ ዝም አሉና፣ "እሺ፣ ደረሰኙን አምጣ" አሉኝ።