የድሬዳዋ ፋርማሲዎች ክትባት ይስጡ ወይስ ይቅርባቸው?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ ጥያቄው አጭር ነው። ዛሬ ክትባት የሚፈልግ ሰው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሄዳል። የግል ፋርማሲዎችም ይስጡ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ፖርቱጋል ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቅዳለች፤ እንግሊዝም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጉንፋን ክትባትን በፋርማሲ ትሰጣለች። «ደስ ይላል» እና «አይሆንም» ብቻ አይበቃም፣ ምክንያት ጻፉ።

ፋርማሲስት፣ ከዚራ ሰፈር፦ ይስጡ። የአዋቂውን ማለቴ ነው። የሔፓታይተስ ቢን (የጉበት በሽታ) ክትባት ለምሳሌ ውሰዱ፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከዚያ በ6ኛው ወር። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሦስተኛው ነው። ሰው ለአንድ መርፌ ብሎ ከሥራው ቀርቶ ወረፋ አይዝም፤ ፋርማሲ ግን ማታም እሁድም አለ። ለሐጅ የሚሄደውም የማጅራት ገትር ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወጋት አለበት፤ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የቀዝቃዛ ሰንሰለት (ክትባትን እስኪወጋ ድረስ በቅዝቃዜ የማቆየት) ባለሙያ፦ እኔን መርፌው አያስጨንቀኝም፣ ፍሪጁ ነው። ድሬ ሲባል ሁሉም የሚፈራው ሙቀቱን ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ፣ ቀን ሲሞቅ ሰው የቤት ፍሪጁን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ይጠመዝዘዋል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝና በሩን የሚከፍት ሰው ሲጠፋ ውስጡ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሔፓታይተስ ቢና የቴታነስ ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሆኑ አበቃላቸው። ቪቪኤሙ፣ ማለትም ብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት፣ ሙቀትን እንጂ በረዶን አያሳይም። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 5 ይላል፣ ብልቃጡ ጤነኛ ይመስላል፣ የሚወጋው ግን ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ትንሹ መስፈርት ይህ ነው፦ በረዶ ቤት ያለው የቤት ፍሪጅ አይፈቀድ። በሩ ላይ ምንም አይቀመጥ። ባዶውን መደርደሪያ የውሃ ጠርሙስ ይሙላው፤ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ቶሎ አይለቅም። የ30 ቀን ሙቀት መዝጋቢ ይኑር፣ በቀን ሁለቴ ይነበብ፣ በዓል ቢሆንም። በረዶ ሆኖ ነበር ተብሎ የተጠረጠረ ብልቃጥ ካለ ሼክ ቴስት (የመነቅነቅ ፈተና) ይደረግ፦ ከዚያው ባች፣ ማለትም አብሮ ከተመረተው፣ አንዱን አውቀው በረዶ ያድርጉትና ያቅልጡት፤ ሁለቱን ነቅንቀው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የተጠረጠረው እኩል ወይም ቀድሞ ካጠለለ ይጣላል።

ነርስ፣ ሳቢያን ሰፈር፦ ለሕፃናት አይሆንም፣ በጭራሽ። ባለ 10 ዶዝ የኩፍኝ ብልቃጥ አንዴ ከተቀላቀለ 6 ሰዓት ነው ዕድሜው። ፋርማሲ ሁለት ልጅ ቢመጣለት ስምንቱ ይደፋል። ወይም ባለቤቱ አዝኖ ለነገ ያሳድረዋል፣ የምፈራው እሱን ነው። ማቆያ ስለሌለው ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ሕፃን ይሞታል።

ፋርማሲስት፣ ከዚራ፦ አቦ፣ እዚህ ላይ ተስማማን። ባለ አንድ ዶዝ ብቻ ይሁን።

ነርስ፣ ሳቢያን፦ ገና አልጨረስኩም። ከተወጋ በኋላ 15 ደቂቃ የሚቀመጥበት ወንበር የታለ? ብዙዎቹ ጋ ከባንኮኒው ፊት ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ውጭ ነው። አለርጂ ቢነሣ አድሬናሊን ተስቦ ጭኑ ጎን ላይ ይወጋል፤ ለአዋቂ ባለ 1 ሚሊግራም በሚሊ ሊትሩ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ከቀትር በኋላ ባለሙያው በርጫ ላይ ሆኖ ሱቁን ለሻጩ ልጅ ከተወው ማን ሊያደርገው ነው?

የቀዝቃዛ ሰንሰለት ባለሙያ፦ ሳቅሁ፣ ግን እውነት ነው። ፈቃዱ ለቤቱ ሳይሆን ለሠለጠነው ሰው ይሰጥ፤ እሱ ከሌለ ክትባትም የለም። ሴፍቲ ቦክሱም፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ መጣያው ካርቶን፣ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸግ፣ መርፌ መልሶ መክደን አይኖርም። የሚያቃጥልለት ጤና ጣቢያ ጋር በጽሑፍ ካልተዋዋለ ግን አይጀምር።

አንድ አባል፦ ውሻ የነከሰው ሰው ፋርማሲ ቢመጣስ?

ነርስ፣ ሳቢያን፦ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥቡለትና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይላኩት። ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን (የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ሊያስፈልገው ይችላል፤ እሱ የባንኮኒ ሥራ አይደለም።