የጽጌረዳው ቁራጭ አብጦ ቀረ፣ ሆርሞን ነው ካልሲየም የሚያንሰው?

የጓሮ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከጎረቤት ጽጌረዳ 20 እንጨት ቆርጬ ቀይ አሽና አሸዋ ቀላቅዬ ተከልኩ፣ ቅጠሉን በሙሉ ሸምጥጬ ፌስታል አለበስኩት፣ ለካልሲየም ብዬ የእንቁላል ቅርፊትም ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ይኸው 5 ሳምንቱ፣ ዛሬ አንዱን ነቅዬ ሳይ ታቹ ላይ ፈንድሻ የመሰለ ነጭ እብጠት እንጂ ሥር የሚባል የለም። አንዱ ካልሲየም ጨምር ይለኛል ሌላው ሆርሞን ግዛ፣ ማንን ልስማ?

ሎሚ ሻይ፦
ኧረ እናቴ ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰክታ ትተወዋለች፣ ይይዛል። ምን ሆርሞን ምናምን ሃሃ

ግሪንሃውስ፦
አበባ እርሻ ችግኝ ክፍል ነው የምሰራው። ቅጠሉን ምን አርግ ብሎህ ሸመጠጥከው ወንድሜ? ሥር አውጣ የሚለው ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ነው፣ ጫፉና ለጋ ቅጠሉ ላይ ይሰራና ወደ ታች ወርዶ የተቆረጠው ጋ ይጠራቀማል። የሎሚ ሻይ እናትም የሚይዝላቸው ተክሉ የራሱ ስላለው ነው፣ ክረምቱ ደሞ እንዳይጠወልግ ያግዛቸዋል። እኛ አንድ ቅጠል እንተዋለን፣ እምቡጥ ካለ እንቆርጠዋለን። የሚሸጠው ዱቄት አይ ቢ ኤ የሚባል የኦክሲን ዓይነት ነው፣ ለለጋ 0.1፣ ጠንከር ላለው 0.3፣ ለደረቅ እንጨት 0.8 ፐርሰንት። ታቹን ነካ አርገህ አራግፈው፣ እንደ እንጀራ ወጥ የሚያጠቅሱበት አሉ፣ ሲበዛ ይጠቁርና ይበሰብሳል፣ ቢተርፍም ቡቃያው አልነሳ ይላል።

ባዮ ተማሪ፦
የካልሲየሙም ወሬ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሴል ውስጥ የሆርሞኑን መልእክት ከሚያቀብሉት አንዱ ነው፣ የሴል ግድግዳም ያጠነክራል፣ የወጣው ሥር እንዲረዝም የግድ ያስፈልጋል፣ ግን ኦክሲንን አይተካም። ደሞ የእንቁላል ቅርፊት ካርቦኔት ነው፣ ውሃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ነው በለው። ካልሲየም ወደ ላይ የሚወጣው ቅጠል ውሃ ሲስብ ነው፣ ያንተ ቅጠል የለው፣ በዛ ላይ ፌስታል ታፍኖበታል፣ ስለዚህ የሚኖረው ከእናቱ ይዞት በመጣው ነው። ካልሲየም መመገብ ካማረህ ሳትቆርጣት በፊት ለእናቲቱ ተክል ነበር።

የጓሮ ልጅ፦
ታዲያ ያበጡትን ልጣላቸው?

ግሪንሃውስ፦
አትጣል፣ እብጠቱ ካለስ የሚባለው ነው፣ ቁስሉን ሸፈነ ማለት ነው፣ ሥር ባይሆንም በሕይወት አለ። ልጡን በጥፍርህ ጫር አርገው፣ አረንጓዴ ከሆነ ዱቄት ነካ አርገህ መልሰው። ፌስታሉንም ፀሐይ አይምታው፣ ትቀቅላቸዋለህ።

የጓሮ ልጅ፦
ጫርኳቸው፣ 11ዱ አረንጓዴ ናቸው። እነዚህ እምቢ ካሉኝ ግን አለቀልኝ፣ የጎረቤቴን ጽጌረዳ ራቁቷን ነው ያስቀረኋት